ጎድላ የማታውቅ ዋንጫ

እኔ የምኖረው በማስታወስ ነው። ሌላው ሰው በበሬው፣ በሱቁ ወይም በደመወዙ ያድራል፤ እኔ ደርበው ግን የላሊበላ አስጎብኚ ነኝና ልጆቼን ያሳደግሁት ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን እያወጣሁ ለሰው በመንገር ነው። የትኛው በር ወዴት እንደሚያወጣ፣ የትኛው ምሰሶ ላይ ምን እንደተቀረጸ፣ ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። ባልደረቦቼ "ደርበው ቢሞት እንኳ ሬሳው እያስጎበኘ ነው የሚቀበረው" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም እውነት ስለሚመስለኝ ሹፈቱን እወደው ነበር።

ከዚያ እንግዳ ጠፋ። መጀመሪያ በበሽታው፣ ቀጥሎ በጦርነቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በፍርሃቱ። ሆቴሎቹ ባዷቸውን ቀሩ፤ ባጃጆቹም ተደርድረው የሚጭኑት ሰው አጡ። ዕድሜ ልኩን በእግሩ ሲዞር የኖረ ሰው ድንገት ቤት ሲውል ምን ያደርጋል? እኔ ማኅበር አበዛሁ። ድሮ የነበረኝ የማርያም ማኅበር ብቻ ነበር፤ በእሱ ላይ የጊዮርጊስንና የመድኃኔዓለምን ጨመርሁ። እሑድ ደግሞ ሰንበቴ አለ። ክርስትናውን፣ ተዝካሩን፣ ሠርጉን አላነሣውም።

ማኅበር ባለበት ጠላ አለ። እኔ ታዲያ ጠጪ የምባል ሰው አልነበርሁም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ጠጅ ቤት ደጃፍ የሚያየኝ የለም፤ አረቄ ሽታውንም አልወደውም። የምጠጣው በአባቴ ዋንጫ፣ አንድ ዋንጫ ጠላ ብቻ ነው። አባቴ ከበሬ ቀንድ በእጁ የሠራት፣ ቂጧን በወይራ እንጨት የደፈናት ዋንጫ ናት። ማኅበር በሄድሁበት ሁሉ እሷም አብራኝ ትሄዳለች። "ደርበውን እዩ፣ በአንድ ዋንጫ ይውላል" እየተባልሁ ለጎረምሶች ምሳሌ ሆኜ እጠቀስ ነበር። ደግሞም ትንሽ ጠላ የሽማግሌ ደም ያሞቃል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፣ ሐሳብ ያፍታታል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

መርሳት የጀመርሁት በዚያው ሰሞን ነው። ስም ይጠፋኛል። ሚስቴን ዘነቡን በእህቷ ስም እጠራታለሁ። ቁልፍ በእጄ ይዤ ቁልፍ እፈልጋለሁ። "አረጀህ" ትለኛለች ዘነቡ፤ "አረጀሁ" እላታለሁ፤ እንሣሣቃለን። ስድሳዎቹን ላገባደደ ሰው ይህ ምን ይደንቃል ብለን አለፍነው።

ነገሩ የሆነው እንግዳ ቀስ በቀስ መመለስ በጀመረበት ወራት፣ በጥቅምት የማርያም ዕለት ነው። አንዲት ሴት ካረፉበት ሆቴል ደወሉልኝ። ሲስተር የሺመቤት ይባላሉ። ደሴ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚሉ እመቤት ናቸው።

"አሸተን ማርያምን በዕለቷ ልሳለም ተስያለሁ። ጉልበቴ ግን ደካማ ነው። ያወጡኛል ጋሽ ደርበው?" አሉኝ።

"በበቅሎ አወጣዎታለሁ። ሲወርዱ ደግሞ እኔ አለሁልዎት" አልኋቸው።

በጠዋት ወጣን። ገብሱ ሊደርስ ቢጫ እየጣለ ነበር፤ ሰማዩም የጥቅምት ሰማይ፣ ጥርት ያለ። ሲስተር በቅሎ ላይ፣ እኔ ከጎናቸው፣ የበቅሎዋ ባለቤት ከፊት። ጥቁር የእጅ ቦርሳቸውን ተቀብዬ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬው ነበር። "ስኳር አለብኝ፤ መድኃኒቴም ስልኬም እዚያው ውስጥ ነው፤ አደራ" አሉኝ። በወጣትነቴ ጫማው ገደል ስለገባበት እንግዳና ጋቢዬን ቀድጄ እግሩን ስለጠቀለልሁለት ነገር ነገርኋቸው። ሳቁ። እኔ የማስታውሰው አንድ ጊዜ እንደነገርኋቸው ነው።

ተሳለሙ፣ ጠበል ጠጡ፣ አለቀሱም። የበቅሎዋ ባለቤት ሌላ ቀጠሮ ስለነበረው እኛን ከላይ አድርሶ ተመልሷል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ጀመርነው። እኔ ዘንድ ያለው እስከዚህ ነው። ቀጥሎ የምነግራችሁን ጥቂት ነገር በኋላ ከእሳቸው አፍ ነው የሰማሁት፤ በራሴ ጭንቅላት ውስጥ ቦታው ዛሬም ባዶ ነው።

እኩሌታውን እንደወረድን ጉልበታቸው አብጦ አልታጠፍ አለ። ከአንድ የገብስ ማሳ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋቸው። "እዚህ ይጠብቁኝ፤ ታች ወርጄ በቅሎ ይዤ አሁን እመለሳለሁ" አልኋቸው። ቦርሳቸው እንደተንጠለጠለብኝ ሄድሁ።

እኔ ቀጥሎ የማስታውሰው በቄስ አዳነ ቤት መቀመጤን ነው። ቄስ አዳነ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን ናቸው፤ የዕለቱም ተራ የእሳቸው ነበር። ከተማ ስገባ መንገድ ላይ አግኝተውኝ "ምነው ዘገየህ? ሰዉ ተሰብስቦ የለም እንዴ?" ሲሉኝ "መጣሁ" ብዬ ተከትያቸው ገባሁ አሉ። ዘነቡ ለማገዝ ቀድማ መጥታ፣ ዋንጫዬንም አምጥታልኝ ኖሯል።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ። ዘነቡ ጆግ ይዛ በመካከላችን ትመላለሳለች። ጎንጨት ሳደርግ ትሞላለች፤ አሁንም ጎንጨት ሳደርግ ትሞላለች። ወጋችን ነው። የሽማግሌ ዋንጫ ጎድሎ ከታየ ለቤቱ ውርደት ነውና ሳይጎድል ይሞላል። እኔም በክርኔ አንድ ለስላሳ ነገር ተደግፌ፣ ደስ ብሎኝ፣ ስለዘንድሮ ገብስ እያወራሁ ነበር።

ድንገት ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ወዲያው ደግሞ ዝናቡ ወረደ። በጥቅምት እንዲህ ያለ ዝናብ ያልታሰበ ነው፤ በረዶም ቀላቅሏል። ሰዉ ሁሉ ስለ ሰብሉ ተጨንቆ ወደ በሩ አየ።

"እንኳንም በጊዜ ወረዳችሁ" አለች ዘነቡ ዋንጫዬን እየሞላች። "እንግዳህን ሆቴላቸው አደረስሃቸው?"

"የቱን እንግዳ?" አልኋት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ይህን ጊዜ ስልክ ጠራ። ድምፁ ከእኔ ጎን ነው። ሰዉ እኔን አየ፤ እኔም የአጠገቤን ሰው አየሁ።

"የማን ስልክ ነው? አንሡት እንጂ" አልሁ።

"ደርበው፣ ከክርንህ ሥር ነው የሚጮኸው" አሉኝ ቄስ አዳነ።

ክርኔን አነሣሁ። ጥቁር የሴት ቦርሳ ነው። ትክ ብዬ አየሁት። ይህ ቦርሳ የማን ነው? ማን እዚህ አስቀመጠው? እመኑኝ፣ አላወቅሁትም። የዘነቡን ፊት ሳይ ግን አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ጆጉን አስቀምጣ ቦርሳውን ከፈተችና ስልኩን አነሣች። የሴት ልጅ ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

"እማዬ፣ ደኅና ነሽ? መድኃኒትሽን ወሰድሽ? ምሳ በላሽ?"

ዘነቡ ልጅቷ እንዳትደነግጥ፣ "እማዬ ወጣ ብለዋል የኔ ልጅ። ሲመለሱ እናስደውላቸዋለን" አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ደርበው፣ ሴትዮዋ የት ናቸው?"

ያን ጊዜ ጠዋቱ ተመለሰልኝ። በቅሎዋ፣ ቢጫው ገብስ፣ "አደራ" ያሉኝ ድምፅ። ተነሥቼ ግድግዳውን ያዝሁ።

"ተራራው ላይ ናቸው" አልሁ።

"ተራራው ላይ የት?"

ፈለግሁት። ጭንቅላቴ ውስጥ ከጓዳ እስከ ደጃፍ አገላብጬ ፈለግሁት። ሲሳለሙ አያለሁ፣ ክንዳቸውን ስይዝ አያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

"አላውቅም" አልሁ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል። ስለዚያ ተራራ "አላውቅም" ብዬ ስመልስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አፌ ውስጥ መረረኝ።

ማኅበርተኛው ሊወቅሰኝ አልቆመም። ግማሹ በቅሎ ፍለጋ ሮጠ፤ ሌሎቹ በሰፊው መንገድ በኩል ሊወጡ ተነሡ። እኔ፣ ዘነቡና ቄስ አዳነ በአቋራጩ ወጣን። ቄስ አዳነ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቢወጡም ነፋሱ ገለበጠባቸው፤ ዘጉትና እንደ ምርኩዝ ተደገፉት። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ በረዶው ከሣሩ ሥር ነጭ ሆኖ ተከማችቷል። የማስበው ሌላ አልነበረም፦ አንዲት የታመሙ እናት በዚህ ብርድ፣ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ምግብ፣ ያለ ስልክ፣ እኔን አምነው ተቀምጠዋል።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ስንደርስ ቆምን።

"በየትኛው ነው የወረዳችሁት?" አሉኝ ቄስ አዳነ።

አየሁ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስባቸው ኖሬአለሁ። የዛሬው የትኛው እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይነግሩኝም። እዚያው ዝናብ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

"አብሽር ደርበው" አሉኝ ቄስ አዳነ ትከሻዬን ይዘው። "ማርያም በዕለቷ የመጣባትን እንግዳ አትጥልም። እርምጃህን ብቻ አታቁም።"

ዘነቡ እጄን ያዘችኝ። ሰው ስመራ የኖርሁትን እኔን፣ ተራራው ላይ ወጥታ የማታውቀው ሚስቴ እየመራችኝ በግራው ወጣን። "ሲስተር!" እያልን እንጣራለን። ዝናቡ ድምፃችንን ይበላዋል። ጥቂት እንደወጣን ከአንድ ጎጆ ጀርባ አንዲት ሴት ማዳበሪያ በራሷ ላይ አጥፋ እንደ ኮፍያ ደፍታ ብቅ አለች።

"የሴትዮዋ ሰዎች ናችሁ?" አለችን።

ዘነቡ እጄን ለቀቀችና ጭቃው ላይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

ሴትየዋ ሙሉ ትባላለች። ሰማዩ ሲጠቁር ልብስ ልታስገባ ወጥታ ድንጋዩ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ እናት አየች። ማን ናቸው፣ ምን ናቸው ሳትል አዝላ ነው ያስገባቻቸው። ስንገባ ሲስተር ምድጃው ዳር በቁርበት ላይ፣ ሙሉ በደረበችላቸው ጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

"ረሳሁዎት" አልሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። "ረሳሁዎት እኮ እመቤቴ።"

"አውቃለሁ" አሉ ሲስተር። "ይነሡ ጋሽ ደርበው፤ ልብስዎ ይደርቅ።"

ዘነቡ እያለቀሰች ቦርሳውን አቀበለቻቸው። እጃቸው አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። "ስኳሬ ወርዶ ነበር" አሉ። "ላብ ላብ ሲለኝ አወቅሁት። ይቺን ልጅ ማር አለሽ ወይ አልኋት። በውሃ በጥብጣ ብርዝ አድርጋ ሰጠችኝ። ያ ብርዝ ባይኖር አሁን እናንተን አላይም ነበር።"

"ኧረ እማማ፣ እንዲህ አይበሉ። ምን አደረግሁ እኔ?" አለች ሙሉ አፍራ፣ እንጨት እየጨመረች።

ጥቂት እንደቆየን፣ እኔ ቀና ብዬ ማየት እንዳቃተኝ፣ ሲስተር ጠሩኝ። "ጋሽ ደርበው፣ ጠዋት ስንወጣ ጫማው ገደል ስለገባበት ሰው ነገሩኝ። ደስ ይላል ታሪኩ። ጥቂት እንደሄድን እንደ አዲስ ነገሩኝ። ከላይ ደርሰን ስናርፍም እንደገና። ስለዚህ ሲቀሩብኝ አልተቀየምሁም፤ ሳይረሱኝ በፊት እንደሚረሱኝ ፈርቼ ነበር። ቦርሳዬን ከእርስዎ መቀበል የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።"

 ዘነቡ ወደ መሬት አየች።

"ባለቤቴ አስተማሪ ነበር" አሉ ሲስተር። "መርሳት ሲጀምር አረጀህ እያልሁ እስቅበት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። ስንነቃ ረፍዷል፤ መጨረሻ ላይ እኔንም አያውቀኝም ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እርስዎ ይጠጣሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አንድ ዋንጫ ጠላ፣ ማኅበር ላይ" አልሁ።

"በውኑ አንድ ብቻ?"

"ካህን ነኝ፤ አልዋሽም" አሉ ቄስ አዳነ። "ስንት ዓመት አብሬው ተቀምጫለሁ። ደርበው ከአንድ ዋንጫ አልፎ አያውቅም።"

"አንድ ነው" አለች ዘነቡም። "የምቀዳለት እኔ ነኝ።"

ሲስተር ሦስታችንንም አዩን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፣ ዕድሜ ልኬን ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን። "ጋሽ ደርበው፣ የዋንጫዎን ቂጥ ያዩት መቼ ነው?"

አሰብሁ። በዚያች ቀን ብዙ ነገር ጠፍቶኛል፤ ይኼኛው ግን የመርሳት አልነበረም። የዋንጫዬን ቂጥ አይቼው አላውቅም።

"እንዴት ይታያል?" አለች ዘነቡ፣ እኔን ለማዳን። "እንዲጎድልማ አይደረግም። ነውር ነው። ጎንጨት ሲል እሞላለታለሁ።" ይህን ተናግራ ስትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች።

ቄስ አዳነ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ "እንግዲያው ያ አንድ ዋንጫ አይደለም፤ አንድ ምንጭ ነው" አሉ። ሙሉ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሲስተርም ሳቁ። እኔም፣ ያን በመሰለ ቀን፣ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

"እኛ ቤትም ብርጭቆውን የምሞላው እኔ ነበርሁ" አሉ ሲስተር ዘነቡን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ትንሽ መጠጥ ለልብ ጥሩ ነው ሲባል እንሰማ ነበር፤ ነርስ ሆኜም አምን ነበር። አሁን ሐኪሞቹ እንዲያ ብለው አይደፍሩም። ለጭንቅላት ባነሰ ቁጥር ይሻላል ነው የሚሉት። ሰው ሲያረጅ በሰውነቱ ያለው ውሃ ይቀንሳል፤ በጎልማሳነቱ ያልጎዳው ጠላ ሲሸመግል ይጎዳዋል። የባሌን መርሳት መጠጡ ነው ያመጣበት ብዬ አልምልም። የእርስዎንም አላውቅም፤ ግፊት ይሆናል፣ ሌላ ነገርም ይሆናል። ዝም ብለው ግን አይቀመጡ፤ ይመርመሩ። ይህን ይማሉልኝ።"

"እምልልዎታለሁ" አልሁ።

"ይረሱት ይሆናል" አሉና ወደ ዘነቡ ዞሩ። "አንቺ ማይልኝ።"

ዝናቡ ሲያባራ በቅሎ ይዘው የወጡት ማኅበርተኞች ደረሱ። ሲስተር ለልጃቸው ደውለው "ደኅና ነኝ፣ አንድ ጥሩ ቤት አርፌ ነው" አሏት። ገና ብርሃን ሳለ ሆቴላቸው አደረስናቸው። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድሁ፤ ቀኑን ዘነቡ ናት የምታስታውሰው።

ዶክተሩ ግፊቴን ለካ፣ ደም አስወሰደ፣ ከዚያ ወረቀት ሰጥቶ "ሰዓት ሣልልኝ" አለኝ። ይህ ምን ከባድ ነው ብዬ ሣልሁ። ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ወገን ተፋፍገው፣ ሌላው ወገን ባዶ ሆነ። ያችን ሰዓት ሳይ ከተራራው ይልቅ ፈራሁ። ግፊቴም ከፍ ያለ ነበር። መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ጠላውን ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያልህ ቀንሰህ ተው አለኝ። "የሄደው ሁሉ ይመለሳል አልልህም" አለኝ። "መጠጡ ያደበዘዘው ይጠራ ይሆናል። ዕድሜ የወሰደውን ግን ዕድሜ ወስዶታል።" ስላልዋሸኝ ወደድሁት።

ከዚያ በላይ የከበደኝ ማኅበሩ ነበር። ሳይጠጡ ማኅበር መቀመጥ እንዴት ይሆናል? ደግሞስ እንግዳ ተራራ ላይ ጥሎ የመጣ ሰው በየትኛው ዓይኑ ሰው ያያል? ስሜ ይውጣልኝ ብዬ ላክሁ። ቄስ አዳነ በማግሥቱ ቤቴ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም፤ በሩ ላይ ቆመው ነው የተናገሩኝ።

"ደርበው፣ ማኅበሩ የማን ነው?"

"የማርያም ነዋ አባ።"

"ታዲያ እሷ ጠላ ካልጠጣህ ደጄን አትርገጥ ብላሃለች?"

መልሴን ሳይጠብቁ "ቀጣዩ ተራ ያንተ ነው" ብለውኝ ሄዱ።

ይህን ገጠመኜን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ነው። እኔ የፈራሁት፣ ያፈርሁት፣ የተደበቅሁት በጠላው ጊዜ ሳይሆን በመርሳቱ ጊዜ ነው። ማኅበርተኞቼ ግን እኔን ከማጣት ወጋቸውን ማጣት መረጡ። ሳይጠይቁ መሙላት ቀረ። የፈለገ ጨርሶ፣ ዋንጫውን አሳይቶ ያስቀዳል፤ ያልፈለገ ዋንጫውን ይደፋል፤ ማንም ምነው አይለውም። አያ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ "ይህ ማኅበር ነው ወይስ ሆስፒታል?" ብለው ተቆጥተው ነበር። በወሩ ግን እሳቸውም ዋንጫቸውን ደፍተው "ለመሆኑ ሌሊት ስትተኛ ትነቃ ነበር? እኔ አሁን አልነቃም" ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አባትና እናት ያላችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ራሳችሁ አባትና እናት የሆናችሁ፣ ጠላ ኃጢአት ነው እያልሁ አይደለም። እኔ ያደግሁበት ነው፤ ሽታው ዛሬም ደስ ይለኛል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቤታችሁ ያለው ሽማግሌ ሲረሳ "አረጀ" ብላችሁ ስቃችሁ አትለፉት። "አንድ ብቻ ነው የምጠጣው" ሲላችሁም አትጠራጠሩት፤ ከልቡ ነው። የዋንጫውን ቂጥ ያየው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠይቁት። እኔን የጠየቀኝ ሰው በመገኘቱ አምላኬን አመሰግናለሁ። ሙሉን አመሰግናለሁ። ዝናቡን እንኳ አመሰግነዋለሁ፤ እሱ ባይመጣ ሙሉ የታጠበ ልብሷን ልታስገባ አትወጣም ነበር።

አሁን ደኅና ነኝ። ድኛለሁ አልልም። ስም አሁንም አልፎ አልፎ ይጠፋኛል። ከፋሲካ በኋላ ዶክተሩ ሰዓት ሣል ሲለኝ ግን ቁጥሮቹ በየቦታቸው ተቀመጡ፤ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለምኜ ወሰድሁት። እንግዳ ይዤ ስወጣም ዘነቡ ትደውልልኛለች። "እንግዳህ የት ናቸው?" ትለኛለች። "አጠገቤ" እላታለሁ። "ስጣቸው፣ ላናግራቸው" ትለኛለች። አታምነኝም፤ ደግ አደረገች።

ወደዚያች የእኔ ተራ ልመልሳችሁ። ቅዳሜ ዕለት ሙሉ ገበያ ስትወርድ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ይዛልን መጣች፤ ዋጋ ብንላት ተቆጣች። ዘነቡ ጠላ አልጠመቀችም። ለሁሉም ብርዝ በጠበጠች፣ እኔ ብቻዬን ተለይቼ እንዳልታይ። ጠዋት ሲስተር የሺመቤት ከደሴ ደውለው፣ "ዛሬ ቂጧን ሳያዩ እንዳይነሡ" አሉኝ።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ጽዋው ዞረ። የአባቴን ዋንጫ አንሥቼ ቀስ እያልሁ ጠጣሁ። ማንም አልሞላልኝም። ብርዙ ጎደለ፣ ጎደለ፣ አለቀ። ዋንጫዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ወይራው ላይ፣ ከታች፣ ትንሽ መስቀል ተቀርጿል። ከሥሩ አባቴ በጉልህ ፊደሉ "ደርበው" ብሎ ስሜን ጽፏል። ለእኔ ብሎ እንደሠራት አላውቅም ነበር። ሞቶ ስንት ዓመቱ፤ ስሜን የያዘልኝ እሱ ኖሯል።

"ዘነቡ" ብዬ ጠራኋት። "ይህን አይተሽው ታውቂያለሽ?"

ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ በመገረም እኔን አየችኝ።

"ሳጥባት የኖርሁ እኔ አይደለሁ?" አለች። "ታውቃለህ ብዬ ነዋ።"

ጆጉን አነሣችና ከዋንጫዋ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ልቅዳልህ?" አለችኝ።

"ቆይ፣ ትንሽ ልያት" አልኋት።